ከቤታችን ጀርባ የበቀለው ሽበት

አብነት በምንኖርበት ዘመን ክረምት መግባቱን የሚነግረን የሰኔ ዝናብ ብቻ አልነበረም። ሐምሌ ሲጋመስ ከቤታችን በስተጀርባ ያለው ግድግዳ ከታች ጀምሮ አረንጓዴ ይለብሳል። መጀመሪያ ቀጭን መስመር ነው፤ ቀጥሎ እየሰፋ ይሄዳል፤ ነሐሴ ላይ እጅ ሲያሳርፉበት ለስለስ የሚል ምንጣፍ ይሆናል። አንዳንዱ ሰው የድንጋይ ሽበት ይለዋል፤ ልጆች በሳይንስ ትምህርታቸው ሞስ ብለው ይማሩታል። እኔ ግን በዚያን ጊዜ ስሙ ምንም ሆነ ምን ግድ አልነበረኝም። ጠላቴ ነበር።

ቤቱ በ1996 ዓ.ም. ስንጋባ የገባንበት ነው። አምስት ቤተሰብ በአንድ ግቢ፣ አንድ ቧንቧ፣ አንድ መጸዳጃ። ኦርቶዶክሱም ሙስሊሙም እኛም እዚያው ነን፤ በዓል ሲመጣ የሚዞረው ሳህን የማን እንደሆነ የሚጠፋበት ዓይነት ግቢ ነበር። ቤታችን በድንጋይ መሠረት ላይ የቆመ የጭቃ ቤት ሲሆን ከእኛ በፊት የነበሩ ሰዎች ከውጭ በኩል በሲሚንቶ ለስነውታል። ልስኑ ለዓይን ያምራል። ምን ይሠራ እንደነበር ወደ ኋላ እነግራችኋለሁ።

በየዓመቱ ነሐሴ ላይ አሮጌ ቢላዋ ይዤ ግድግዳውን እፍቃለሁ። በረኪና እረጭበታለሁ። ለጥቂት ጊዜ ይከስማል፤ ብዙም ሳይቆይ ተመልሶ ይመጣል። እንግዳ ሲመጣ በዚያ በኩል እንዳያልፍ አደርግ ነበር። የአገልጋይ ቤት አይደል፣ ሰው ይገባል ይወጣል።

በ2006 ዓ.ም. ክረምት ነገሩ ከበደ። ታናሹ ልጃችን አምስት ዓመቱ ነበር፤ አልጋው ከዚያው ግድግዳ ጋር ተጠግቶ ነው ያለው። ሌሊት ሌሊት ይስላል፤ ደረቱ ሲር ሲር ይላል። ያየው ሐኪም መድኃኒት ካዘዘለት በኋላ፣ «የሚተኛበት ክፍል እርጥበት አለው?» ሲል ጠየቀኝ። ወደ ቤት ተመልሼ አልጋውን ፈቀቅ ባደርገው፣ ከውስጥ በኩል ጥቁር ነጠብጣብ ያለው ሻጋታ ከወለሉ ወደ ላይ እየወጣ ነበር። ልጄ ስንት ወር አፍንጫውን ወደዚያ አዙሮ ተኝቷል?

ከዚያ ቀን ጀምሮ ግድግዳው የጭቃ ጉዳይ መሆኑ ቀርቶ የትዳር ጉዳይ ሆነ።

ባለቤቴ ማታ ሲመጣ እራት እንኳ ሳላቀርብለት ጀመርኩ። «አሸንዳውን አሠራለሁ ካልክ ስንት ክረምት አለፈ?» አልኩት። የተቀያየሙ ባልና ሚስት ሲያስታርቅ አምሽቶ ገና መግባቱ ነበር። «የሰው ቤት ስትጠግን የራስህ ፈረሰ» አልኩት። እሱም፣ «ደመወዜ ስንት እንደሆነ የምታውቂው አንቺ ነሽ» ብሎ ዝም አለ። ሦስት ቀን ዝም ተባባልን። ከልጆቹ ጋር እናወራለን፤ በልጆቹ በኩል ጨው እንቀባበላለን። እሑድ ከኤፌሶን ምዕራፍ 5 ስለ ባልና ሚስት ሰበከ። እኔ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጬ፣ ማስታወሻ የያዝኩ መስዬ የአሸንዳ ዋጋ እደምር ነበር። ይህን የምጽፈው ባለቤቴ አንብቦ ከፈቀደልኝ በኋላ ነው።

«በጥርስ ነበረ?»

ሰኞ ጠዋት ቢላዋዬን ይዤ ከግድግዳው ጋር ስታገል የግቢያችን ትልቅ ሴት ከበራቸው ላይ ሆነው ያዩኛል። ሁላችንም እማማ ነው የምንላቸው። የመንዝ ሰው ናቸው፤ ድንጋይና ብርድ የሚያውቁ።

«ልጄ፣ ምን አደረገሽ?» አሉኝ።

«ግድግዳውን እየበላው ነው እኮ እማማ።»

«እሱ ምን ጥርስ አለው!» ብለው ሳቁ። «የሚበላው ውሃው ነው። እሱማ ውሃው የት እንዳለ ነው የሚያሳብቅልሽ። አጋላጩን ትገርፊዋለሽ እንዴ?»

በትራቸውን ተደግፈው መጡና ግድግዳውን ከዳር እስከ ዳር አዩት። ከዚያ፣ «በጥርስ ነበረ?» አሉኝ። አሁንም ስለ ጥርስ የሚያወሩ መስሎኝ ግራ ገባኝ። «በጥር ወር ማለቴ ነው፤ ዝናብ በሌለበት። ያኔ ምን ይመስል ነበር?»

ቆም ብዬ አሰብኩ። በበጋ ግድግዳው ይደርቃል፤ አረንጓዴው ግራጫ ይሆንና እንደ አሮጌ ሱፍ ይጨማደዳል። በግራ በኩል ካለችው ማዕዘን በቀር። እዚያ አንድ ክንድ የሚያህል ቦታ ጥምቀትም ዓድዋም ሳይለው ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ነው።

«እንግዲያው እሱን ዝናብ አይደለም የሚያጠጣው» አሉ። «ማነው የሚያጠጣው?»

በግራ በኩል ያለው የእኔ የልብስ ማጠቢያ ድንጋይ ነው። አሥር ዓመት ሙሉ፣ በሳምንት ሦስት ቀን፣ አንዳንዴም በየቀኑ፣ ሳፋዬን እዚያ እደፋለሁ። መሬቱ ደግሞ ወደ ግድግዳው ያዘነብላል። ከአልጋው ጋር ያለው ርቀት የአንድ ግድግዳ ውፍረት ነው።

በስተቀኝ በኩል ነገሩ ሌላ ነበር። እዚያ አረንጓዴው እስከ ትከሻዬ ድረስ ወጥቶ ልክ የአሸንዳው መጋጠሚያ ከተከፈተበት ሥር ይቆማል። ያ እውነትም የባለቤቴ ነበር። ስለዚህ ግድግዳው ላይ ሁለት ውሃ ነበር፤ የእሱና የእኔ። እኔ የማውቀው ግን የእሱን ብቻ ነበር።

ሥር የሌለው ተክል

ከዚያ በኋላ ነው ይህን ትንሽ ተክል ማየት የጀመርኩት። ታላቁ ልጄ የስምንት ዓመት ልጅ ነበር፤ ከምናለሽ ተራ ጠርዙ የተሸረፈ አጉሊ መነጽር ገዛንለትና መስከረም ላይ ሁለታችን አብነትን በጉልበታችን ተንበርክከን ዞርነው ማለት እችላለሁ። ሰው እየቆመ «ምን ጠፋባችሁ?» ይለን ነበር።

እናንተም ብትሞክሩት ብዙ አትደክሙም። የአስፋልት ጠርዝ ላይ፣ በእግረኛ መንገድ ድንጋዮች መካከል፣ በአጥር ግንብ አናት ላይ፣ በቧንቧ ሥር፣ አቧራ በተኛበት አሮጌ ቆርቆሮ ላይ ጥፍር የምታህል ክብ ነገር ታገኛላችሁ። አረንጓዴ ሆኖ በላዩ ብርማ ነጭ ነው። ይህ ብሪዩም ከሚባለው ወገን የሆነው ብርማው ሞስ ነው። ሽበት ያለው ሰው ለካ አልተሳሳተም! ነጭ የሚያደርገው የቅጠሉ ጫፍ ክሎሮፊል የሌለው መሆኑ ነው፤ ያ ነጭነት ጠንካራውን ፀሐይ ይመልስለታል። እኔም በዚያው ዓመት የመጀመሪያዎቹን ነጭ ጸጉሮች ስላገኘሁ ልጄ መነጽሩን ወደ ራሴ አዙሮ ሊመረምር ቢሞክር ከለከልኩት።

የብርማው ሞስ ሳይንሳዊ ስም የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1801 በታተመ መጽሐፍ ነው። ጸሐፊው በላይፕዚግ ይኖር የነበረው ሐኪሙ ዮሐንስ ሄድቪግ ሲሆን መጽሐፉ የወጣው እሱ ከሞተ ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። የሞስ ስም አሰጣጥ እስከ ዛሬ ከዚያ መጽሐፍ ይጀምራል። በዓለም ላይ 12,000 ያህል የሞስ ዓይነት አለ፤ ከእነዚህ መካከል እንደ ብርማው ሞስ ዓለምን ያዳረሰ ጥቂት ነው። አንታርክቲካን ጨምሮ በሁሉም አህጉር ይገኛል። እንዴት ተጓዘ ብትሉ፣ ቁራጩ በጫማ ሶል ተጣብቆ ይሄዳል፤ ከተቆረሰች ትንሽ ጫፍ ሌላ ተክል ይወጣል። ሲረግጡት የሚበዛ ተክል ነው። እንደ መርካቶ ሰው የሚበዛበት ስፍራ ለእሱ እርሻው ነው።

ሞስ ሥር የለውም። ድንጋዩን የሚይዝበት ጸጉር የመሰሉ ክሮች አሉት፤ ክሮቹ ግን በዋናነት ለመያዣ ናቸው። ውሃ የሚጠጣው በገላው ነው። ቅጠሉ ባብዛኛው የአንድ ሕዋስ ውፍረት ብቻ ስለሆነ ዝናብ ሲነካው ወዲያው ይጠግባል፤ ፀሐይ ሲመታው ወዲያው ይደርቃል። ሌላ ተክል እንዲህ ቢደርቅ ይሞታል። እሱ ግን ሥራውን አቁሞ ይቆያል፤ ውሃ ሲያገኝ ቶሎ ወደ አረንጓዴነቱ ይመለሳል። እ.ኤ.አ. በ2014 የእንግሊዝ ተመራማሪዎች በአንታርክቲካ አጠገብ ካለችው ሲኒ ደሴት ከ1,500 ዓመት በላይ በበረዶ ውስጥ የኖረ ሞስ አውጥተው እንደገና ማደጉን አስታውቀዋል። ያ ሌላ ዓይነት ሞስ ነው፤ የቤተሰቡን ትዕግሥት ግን ያሳያል።

ሥር ስለሌለው ከአየሩ የመጣለትን ሁሉ ይቀበላል፤ የመኪና ጭስ ውስጥ ያለውን ብረት ጭምር። የስዊድን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ ይህን አስተውለው ሞስ እየሰበሰቡ የአየሩን ንጽሕና መለካት ጀመሩ፤ ዛሬ በብዙ የአውሮፓ አገሮች የሚደረግ ነገር ነው።

ከግቢያችን ጀርባ፣ የከሰል አመድ በምንደፋበት ስፍራ ደግሞ ሌላ ዓይነት አገኘን። ፉናሪያ ይባላል። እሳት የነካው መሬት ይወዳል፤ የተቃጠለ ስፍራ ላይ ቀድመው ከሚበቅሉት አንዱ ነው። ከክረምት በኋላ ቀጫጭን ዘንጎች ያወጣል፤ በዘንጎቹ ጫፍ የተንጠለጠለች እንደ ዕንቁ ቅርጽ ያላት ከረጢት አለች፤ በውስጧ ስፖር የሚባለው ዱቄት ይገኛል። ዘንጉ ሲደርቅ እንደ ገመድ ይገመዳል፤ ሲረጥብ ይፈታል። ልጄ በምራቁ እያራሰ ሲያስፈታው ዋለ። መርካቶ ስንት ጊዜ እንደተቃጠለች የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ ያን ዘንግ ካየሁ ወዲህ የተቃጠለ ቦታ አጠገብ ሳልፍ ወደ መሬት አያለሁ።

ሞስን በገዛ አገሩ ማየት የሚፈልግ ሰው ግን ወደ ባሌ፣ ወደ ሐረና ደን ይሂድ። እዚያ ዛፉ ከግንዱ እስከ ቅርንጫፉ ለብሶት ይቆማል። እኔ ያየሁት ለአንድ ኮንፈረንስ ስንሄድ በመኪና መስኮት ነው፤ ሹፌሩ አላቆመልኝም።

አሁን ወደ ግድግዳው ልመለስ፣ ምክንያቱም ብዙ እህቶች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ከውጭ ያለው አረንጓዴ ሞስና ከውስጥ ያለው ጥቁር ሻጋታ አንድ አይደሉም። ሞስ ተክል ነው፤ ብርሃን ይፈልጋል፤ በጨለማ ከአልጋ ሥር አይኖርም። ሻጋታ ግን ብርሃን አያስፈልገውም። ለልጆች ደረት የሚያሰጋው እሱ ነው፤ የዓለም የጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣው መመሪያ የቤት ውስጥ እርጥበትና ሻጋታ ከሳልና ከአስም ጋር እንደሚያያዝ ገልጿል። ሁለቱን የሚያገናኛቸው ውሃው ነው። ውጭው በውሃ ሲረሰርስ ውስጡም ይረጥባል። የእኛ ቤት ደግሞ ያ የሚያምር የሲሚንቶ ልስን ነበረው። ጭቃ ውሃ ቢጠጣም መልሶ ይተነፍሳል፤ በሲሚንቶ ሲሸፈን ግን ከታች የገባው እርጥበት በውጭ በኩል መውጫ ያጣና ወደ ውስጥ፣ ወደ አልጋው ይዞራል። በበረኪና የማጥበው የነበረው እንግዲህ ምስክሩን ነው።

የሰሎሞን የግድግዳ ተክል

በመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ ሳለሁ ስለ ንጉሥ ሰሎሞን ጥበብ ስንማር አንድ ጥቅስ ላይ ብዙ ተከራክረን ነበር። ሰሎሞን ከትልቁ የሊባኖስ ዝግባ አንሥቶ በቅጥር ላይ እስከሚበቅለው ሂሶጵ ድረስ ስለ ዕፅዋት ይናገር እንደነበር ተጽፏል (1ኛ ነገ. 4፥33)። ሂሶጵ ምንድን ነው? በቅጥር ላይ የሚበቅል ምን ተክል ነው? ያኔ ለፈተና ያህል መልሼ አልፌዋለሁ። አብነት ላይ ቢላዋ ይዤ ስቆም ግን ጥያቄው ተመልሶ መጣ።

ለካ ይህን ጥያቄ ከእኔ በፊት የጠየቀ ነበር። ፍሬድሪክ ሃሰልክቪስት የተባለ ስዊድናዊ፣ የታዋቂው ሊኔየስ ደቀ መዝሙር፣ እ.ኤ.አ. በ1749 ወደ ምሥራቅ ተጉዞ ቅድስት አገርን ጎብኝቷል። በኢየሩሳሌም ቅጥር ላይ የበቀለች ትንሽ ሞስ አየና የሰሎሞን ሂሶጵ ይህች ሳትሆን አትቀርም አለ። ሐሳቡ የሚያምር ነው፤ ከዛፍ ሁሉ ግዙፉ በአንድ ጫፍ፣ ከቅጠል ሁሉ ትንሿ በሌላው ጫፍ። ወደ አገሩ ሳይመለስ እ.ኤ.አ. በ1752 በሰምርኔስ አጠገብ ሞተ፤ ጽሑፉን መምህሩ ሊኔየስ በ1757 አሳተመለት።

ዛሬ አብዛኞቹ ሊቃውንት አይስማሙበትም። የዕብራይስጡ ቃል የሚያመለክተው ከጦስኝና ከበሶብላ ወገን የሆነ ቅጠሉ የሚሸት ትንሽ ቁጥቋጦ ነው ይላሉ፤ እሱም ከድንጋይ ስንጥቅ ይበቅላል። እኔም ከእነሱ ጋር ነኝ። በፋሲካው ሌሊት እስራኤላውያን ሂሶጵ በእስር ይዘው በደሙ እንዲነክሩና ጉበኑን እንዲቀቡ ታዘዋል (ዘጸ. 12፥22)። ሞስን በእስር ይዞ መቃን መቀባት እንዴት ይቻላል? ይህን የምለው ስፍቀው በኖርኩበት እጄ ነው።

ጦስኝን ካነሳሁ ዘንድ አንድ ነገር ልጨምር። ለሻይ ከመርካቶ የምንገዛው ያገራችን ጦስኝ በሳይንስ ስሙ የሺምፐር ጦስኝ ይባላል። ቪልሄልም ሺምፐር ጀርመናዊ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1837 ወደ አገራችን መጥቶ በ1878 ዓድዋ ላይ እስኪሞት ድረስ እዚሁ ኖረ። ዕፅዋት እያደረቀ ወደ አውሮፓ ይልክ ነበር። የአጎቱ ልጅ ደግሞ በስትራስቡርግ ከተማ የሚኖር፣ በዘመኑ ከነበሩት የሞስ ሊቃውንት ቀዳሚ ከሆኑት አንዱ ነበር። አንዱ ዘመድ ከሐበሻ ተራራ ላይ ሞስ ይለቅማል፤ ሌላው በአጉሊ መነጽር ያየዋል። ዘመድ እንዲህ ሲጠቅም ደስ ይላል።

ከሂሶጵ ይልቅ የነካኝ ግን ዘሌዋውያን 14 ነው። በኮሌጅ ቶሎ ቶሎ ያለፍኩት ምዕራፍ! ግድግዳው ላይ አረንጓዴ ወይም ቀይ ነገር የታየበት ቤት ምን ይደረግ የሚል ሙሉ ሕግ አለበት። ባለቤቱ ሄዶ ለካህኑ ይናገራል። ካህኑ መጥቶ ያያል፤ ቤቱን ዘግቶ ሰባት ቀን ይጠብቃል፤ እንደገና ያያል። ከዚያ በኋላ ነው ድንጋይ የሚወጣው፣ ግድግዳው የሚፋቀው፣ በሌላ ጭቃ የሚመረገው። ያ ምን ዓይነት ነገር እንደነበር እርግጠኛ ሆኖ መናገር አይቻልም፤ ከእኛ ሞስ ጋር አንድ ነው አልልም። ቅደም ተከተሉ ግን አሳፈረኝ። እዚያ መፋቅ የመጣው ሁለት ጊዜ ከታየ በኋላ ነው። እኔ አሥር ዓመት ስፍቅ አንድ ቀን እንኳ ቆሜ አላየሁም።

አራት ሳንቲ ሜትር

ስለ ሞስ ካነበብኳቸው ነገሮች ለዚህ መጽሔት አንባቢ ባለትዳሮች ሳልነግራቸው የማላልፈው አንድ አለ። በብርማው ሞስ ወንዱና ሴቷ የተለያዩ ተክሎች ናቸው። የወንዱ ዘር ወደ ሴቷ የሚደርሰው በውሃ ላይ እየዋኘ ነው፤ በመካከላቸው ደረቅ ነገር ካለ አይደርስም። የስዊድን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ያወጡት ሙከራ እንዲህ ነው። ወንዱንና ሴቷን ሞስ ጄሶ ላይ አስቀመጡ፤ ጄሶ ውሃውን ስለሚመጥ መዋኛ የለም። የተነካኩት ፍሬ ሰጡ። ሁለትና አራት ሳንቲ ሜትር የተራራቁት ግን ምንም አልሰጡም። ቀጥሎ በመካከላቸው ለዓይን በጭንቅ የሚታዩ የሚፈናጠሩ ነፍሳትንና ከመዥገር ወገን የሆኑ ጥቃቅን ፍጥረታትን ለቀቁ። ያኔ የተራራቁትም ፍሬ ሰጡ። ዘሩን ያመላለሱት እነዚያ ናቸው።

አራት ሳንቲ ሜትር! እኛ በአንድ አልጋ ላይ ከዚያ ብዙም አንርቅም ነበር፤ ሦስት ቀን ግን አልተገናኘንም። የእኛን ያገናኙት እማማ ናቸው። (ከተባይ ጋር አንድ ላይ መጥራቴን ይቅር ይበሉኝ፤ ቢሰሙ ይስቁ ነበር።)

የዚያን ሰኞ ማታ ባለቤቴ ሲገባ፣ «ግማሹ ውሃ የእኔ ነው» አልኩት። አልገባውም። የእጅ ባትሪ ይዤ ወደ ጓሮ ወሰድኩትና መጀመሪያ ግራውን፣ ቀጥሎ ቀኙን አሳየሁት። ረጅም ጊዜ ዝም ብሎ አየ። ከዚያ፣ «የእኔኛው ከፍ ብሏል» አለ። ልጆቹ ቤት ውስጥ ሳቃችንን ሰምተው ሮጠው ወጡ።

ሥራው ከዚያ በኋላ ቀላል ሆነ ማለት አልችልም፤ ገንዘብም ጊዜም ፈጀ። አሸንዳውን የሙስሊም ጎረቤቶቻችን ልጅ፣ የቆርቆሮ ሥራ የሚያውቀው፣ ለዕቃው ብቻ አስከፍሎ ገጠመልን። ማጠቢያ ድንጋዬን ወደ ቧንቧው፣ የፍሳሽ መውረጃው ወዳለበት አዛወርነው። ከግድግዳው ሥር ጠጠር ያለበት ትንሽ ቦይ ቆፈርን። ሲሚንቶውን እስከ ጉልበት ድረስ አፈረስነው፤ ሥሩ ያለው ጭቃ በእጅ ሲጨመቅ ውሃ ይወጣው ነበር። ከመስከረም እስከ ኅዳር ክፍት ሆኖ ደረቀ። ከዚያ ባለቤቴ ሱሪውን ሰብስቦ ጭድ ያለው ጭቃ ረገጠ፤ መረግነውና ኖራ ቀባነው። የጸሎት ቡድኑ አንድ ቅዳሜ ጓሮ ውስጥ እግሩን ጭቃ አድርጎ ዋለ። ከውስጥ ያለውን ሻጋታ በሳሙናና በውሃ አጥበን፣ የልጁን አልጋ ወደ ሌላው ግድግዳ አዛወርን፤ መስኮቱን ቀን ቀን መክፈት ጀመርን። ሳሉ ባንድ ጊዜ አልተወውም። በሚቀጥለው ክረምት ግን ሌሊት የምነቃው ከልማድ እንጂ ከሳሉ የተነሣ አልነበረም።

የእናንተም ግድግዳ የሚያሸብት ከሆነ በጥር እዩት። የደረጃ ድንጋይ ላይ የበቀለውን ግን አትተዉት፤ ሲረጥብ ያንሸራትታል፤ በደረቁ በብሩሽ ፍቁት። በረኪና የምትጠቀሙ እህቶች ከሌላ ማጽጃ ጋር አትቀላቅሉት፣ ጭሱ ይጎዳል። እማማ አሁን በሕይወት የሉም። እኛም ከዚያ ግቢ ወጥተናል።

ግን ያን የ2007 ዓ.ም. ጥር አስታውሳለሁ። ጥምቀት አልፎ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጓሮ ተቀምጬ ሽሮ እየለቀምኩ ነው። ኖራ የተቀባው ግድግዳ በግራም በቀኝም ደረቅ ነው። ታላቁ ልጄ የተሸረፈውን መነጽሩን ይዞ የአጥሩ ድንጋይ ላይ ያለውን ግራጫ ነገር ያያል።

«እማ፣ ይሄኛው ሞቷል?»

«እንጃ።»

«ውሃ ላጠጣው?»

ወደ ግድግዳው አየሁ፤ ከአጥሩ ይርቃል። «አንድ ኩባያ ብቻ» አልኩት።

ከቧንቧው ቀድቶ መጣ። ቀስ ብሎ አፈሰሰው። ታናሹም ከቤት ወጥቶ አጠገቡ ቁጢጥ አለ። መጀመሪያ ድንጋዩ ብቻ ጠቆረ። ከዚያ የተጨማደዱት ቅጠሎች አንድ በአንድ መዘርጋት ጀመሩ፤ በግራጫው መካከል አረንጓዴ ታየ።

«አባዬ!» እያለ ታናሹ ወደ ቤት ሮጠ። «አባዬ፣ ና እይ!»

ባለቤቴ ብዕሩን በእጁ እንደያዘ፣ የእሑዱን ስብከት ጠረጴዛ ላይ ትቶ ወጣ።